መብራት ወይም መጥረጊያ

ቴፒ አጠገብ ካለ የቡና እርሻ አሮጌ ማሽን በጅምላ ስገዛ፣ ከብረቱ ክምር ሥር ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ወጣች። ነጋዴ ነኝና መጣል አልወድም፤ አስጠግኜ ሚዛን ተፈሪ ይዣት ገባሁ። አንድ ጆንያ ቡና የማትጭን መኪና ምን ታደርግልሃለች ያላለኝ ሰው የለም።

ሁለት አመል ነበራት። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭላት ዲናሞ አቅም ስለሌለው መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው አብረው አይሠሩም፤ አንዱን ምረጥ ነው። ዝናብ ለማይጠፋበት አገር ጥሩ ምርጫ አይደለም። ሌላው፣ መኪና ሁሉ የባትሪውን ኔጋቲቭ ከአካሉ ጋር ሲያስር እሷ ፖዘቲቩን ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አንዴ ሽቦዋን ስላቃጠለ፣ የእሷ ባትሪ በግልባጭ እንደሚታሰር ከሚዛን እስከ አማን የማያውቅ አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ቴፒ ልትዳር ሆነ። ባሏ የሞተባት እህቴ፣ ልጄ የምትመጣው በአጎቷ መኪና ነው ብላ ለሙሽራው ወገኖች ቃል ሰጥታ ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ ጠጠር ስለነበር ከምሳ በኋላ የተነሣ አጃቢ ሳይመሽበት አይደርስም። ስለዚህ መካኒክ ጠራሁ። ዲናሞውን አውርዶ በምትኩ ከጃፓን ፒካፕ የወለቀ፣ አቅሙ የበለጠ አልተርኔተር ገጠመላት፤ አልተርኔተሩ ግልባጩን ስለማይችል ባትሪውንም አዙሮ እንደ ሰው መኪና አሰረው። መብራቱም መጥረጊያውም አብረው ሠሩ። ዲናሞውን የሱቄ በር መደገፊያ አደረግሁት።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ጎረቤቴ፣ ከጅማ በኩል የመጣ ባለሱቅ፣ ሳልጠይቀው መኪናዋን አጠበልኝ። ውሃ እንዳይነካው ባትሪውን አውጥቶ ነበር። መልሶ ሲያስረው ከአልተርኔተሩ ጭስ ተነሣ።

"እንዴት አድርገህ ነው ያሰርከው?" አልኩት።

"በግልባጭ ነዋ! የመኪናህን ጠባይ አጣሁት እንዴ፣ ወንድሜ?"

የማያውቃት ሰው ቢሆን ኖሮ በትክክል ያስረው ነበር።

መካኒኩ መጥቶ አሸተተና ሌላ የሚገኘው ጅማ ነው አለ። እህቴ ለሠርጉ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"ለልጄ ሚኒባስ ይጠራ?" አለች ቀስ ብላ።

አትጥሪ አልኳትና ዲናሞውን ከበሩ ሥር አነሣሁት። መካኒኩ መልሶ ሲገጥመው ጎረቤቴ አጠገቡ ቆሞ፣ ይኸው እኔ ያሰርኩትን ባትሪ መንካት እንኳ አላስፈለገም ይላል።

ሙሽራው ሹፌር ስለነበር ሙሽሪትን አጠገቡ አስቀምጦ ራሱ ነዳ፤ እኔና እህቴ ከኋላ በአጃቢዎቹ ሚኒባስ ተከተልን። ቴፒ ሳንደርስ ዝናቡም ጨለማውም አንድ ላይ መጡ። ሙሽራው መብራቱን መረጠ። ወዲያው ከመስኮቱ ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጅ ወጥቶ መስታወቱን ይጠርግ ጀመር፤ እስከ ሙሽራው ደጅ ድረስም አልገባም።

የሙሽራው ወገኖች ሙሽሪት እጇን እያወዛወዘች ሰላም የምትላቸው መስሏቸው በእልልታ ተቀበሏት፤ እነሱም እጃቸውን አወዛወዙ። እህቴ እነሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች።