ፕሮኮፊ ለሐኪሟ ያልነገራት

ባሌ ፕሮኮፊ ሉኪች ሚሳይል ውስጥ ነዳጅ ይሞላ ነበር። ከሰርጓጅ መርከብ የሚተኮሰውን ማለቴ ነው። ይህን ያወቅሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ፣ ባሕሩ ዳር ካለው አጥር ውስጥ እንደሚሠራ ብቻ ነበር የማውቀው። የሥራውን ጉዳት ይከላከልልሃል ብለው በየቀኑ የሚሰጡትን ግማሽ ሊትር ወተት ሳይጠጣ ለእኔ ያመጣል። ሥራህ ምንድነው ስለው፣ "ቀለም ቀቢ ነኝ" ይለኛል። ጣቱ ላይ ቀለም አይቼ አላውቅም። በከተማችን፣ እዚያ አጥር ውስጥ ለሥራ የገባ ሁሉ ምስጢር ላያወጣ ይፈርማል፤ የፈረመ ደግሞ አይጠየቅም።

መቼም መስኮት አለኝ፣ አያለሁ። ከባሕሩ ውስጥ እሳት ሽቅብ ይወጣል፤ አንዳንዴ ተገልብጦ ይወድቃል። ያን ቀን ፕሮኮፊ አኩርፎ ይገባል።

"ምነው፣ ቀለሙ አልይዝ አለ?" እለዋለሁ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዓሣውን አቅርቢ!" ይላል፤ ሳቁ ያመልጠዋል።

ሰው ጠፈር በወጣ በዓመቱ፣ አንድ ማክሰኞ ምሳ ሊበላ መጣ። የልብሱ ሽታ አፍንጫ ይቆጠቁጣል። በላ፣ ቀለደ፣ ጋደም አለ። አመሻሽ ላይ ሳል ያዘውና አላስተነፍስ አለው፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ደግፌ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ ሪማ ሳቬልዬቭና ከመጣች ወር አልሞላትም። "ፕሮኮፊ ሉኪች፣ ዛሬ ምን ነካዎት?" አለችው።

"ቀለም።"

"ቀለም እንዲህ አያደርግም። ይንገሩኝ፤ መድኃኒቱን የምሰጠው ምን እንደነካዎት ሳውቅ ነው።"

"ነጭ ቀለም ነው አልኩሽ እኮ።"

ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎ ውጭ ይጠብቁ።"

"አልወጣም፤ ባሌ ነው" አልኳት። እጁን ይዤ ነበር። ሁለት ጊዜ ለመነችኝ፤ አልወጣሁም። ሰው ፊት መናገር የማልደፍር ሴት፣ ያን ቀን ደፈርኩ። እሱም ቀለም ነው እንዳለ ቀረ። የሳንባ ምች ነው ብላ አከመችው። ሊነጋጋ ሲል ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሹም መጣ። ሥራው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ነገረኝ። የነዳጁ ቱቦ አፍስሶ፣ መርዛማ ጭሱን ስቦ ነው የሞተው።

"ታዲያ ለሐኪሟ ለምን አልነገራትም?" አልኩት።

ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። "እሷማ ምስጢር ላታወጣ ፈርማለች፣ ፋይና ኢግናትዬቭና። ለእሷ መንገር ይችል ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ያልፈረሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።"