ሃያ ስምንት ብር የተጠራበት በሬ

አዳማ የባቡር ጣቢያ መጋዘን ጠባቂ ሆኜ በመጣሁበት ሳምንት መጀመሪያ የተጣላሁት ሰው ደላላው ወዬሳ ነው። ከቡልጋ የመጣሁባትን በቅሎ ልሸጥ ገበያ አወጣኋት። ገና ከማሰሬ አንድ ረጅም ሰው ጋቢውን አጣፍቶ መጣና «ስንት ትላለህ?» አለኝ። «አርባ ብር» አልኩት። ዋጋውን ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቅ። ሰውየው ሳቀብኝ።

«አሁን ጠፋህ» አለኝ። «አርባ ካልክ በኋላ ሠላሳ ቢሰጡህ የተዘረፍክ ይመስልሃል። ዝም ብትል ኖሮ በሃያ አምስት ደስ ብሎህ ትሄድ ነበር።»

ሰደብኩት። ያን ዕለት በቅሎዬን በሃያ ስድስት ሸጥኩ፤ ልክ እሱ እንዳለው ሳምንቱን ሙሉ እንደተዘረፈ ሰው ስቆዝም ሰነበትኩ። በሚቀጥለው ገበያ ራሴው ፈልጌው ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆንን። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆን ፊት ለፊት «ኦቦ ወዬሳ» እያልኩ አንቱ እለው ነበር፤ ስጽፍ ግን እሱ ማለት ይቀለኛል፤ ቢያየኝም አይቀየምም።

ያኔ አዳማ ማለት ጣቢያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆችና ገበያው ነው። የከብቱ ተራ ከሁሉም ይሰፋል። ወዬሳ እዚያ ውስጥ ሲዞር ያየ ሰው ከብት የሚመርጥ ይመስለዋል፤ እሱ ግን የሚያየው ሰዉን ነበር። ማንም ዞር ብሎ ያላየውን በሬ ሊያሸጥ ሲፈልግ ሁለት ወዳጆቹን አጠገቡ ያቆማል። እነሱ ጥርሱን ገልጠው ሲያዩ፣ ሻኛውን ሲዳብሱ ሌላው ይጠጋል፤ ከዚያ ሌላው። አንድ ቀን እኔንም አቁሞኛል። ስለ በሬ አንዳች የማላውቀው ሰውዬ ሆዱን መታ መታ አድርጌ ራሴን ስነቀንቅ አምስት ገዢ ከበበኝ። እስካሁን ሳስታውሰው አፍራለሁ፣ ደግሞም እስቃለሁ።

ዋናው ጥበቡ ግን ሌላ ነው። በዚህ አገር ከብት የሸጠ ሰው ገዱ ከቤቱ እንዳይወጣ ከጭራው ጥቂት ፀጉር ነጭቶ ያስቀራል። ይህ የሚደረገው ዋጋው ተቆርጦ እጅ ለእጅ ከተመታ በኋላ ነው። ወዬሳ ነገሩን ገለበጠው። ሻጩ ልቡ አልቆርጥ ሲለው ጠጋ ይልና «ለማንኛውም ፀጉሩን ያዝ፤ ባትሸጠውም ምን ይጎዳሃል?» ይለዋል። ሰውየው ነጭቶ በመቀነቱ ጫፍ ይቋጥራል። ከዚያ በኋላ በሬውን የሚያየው እንደ ሌላ ሰው በሬ ነው። ገዱን ይዟል፤ የቀረው ሥጋና ቀንድ ነው። ብዙ ሳይቆይ «እሺ ውሰዱት» ይላል።

ወዬሳ ራሱ ሁለት በሬዎች ነበሩት፤ ዳለቻና ቦራ። ቦራ እንደማንኛውም በሬ ነው። ዳለቻ ግን ግራጫ፣ ሰፊ ደረት፣ ሲያርስም ጅራፍ የማያስፈልገው ነበር። በጥር ወር በሬ እየገዛ በባቡር ወደ አዲስ አበባ የሚልከው ነጋዴ መሐመድሰዒድ ገበያው መሐል ለዳለቻ ሃያ ስምንት ብር ጠራ። ሌላው ደህና በሬ ሃያ ያወጣ ነበር። ወዬሳ አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ እሱም ሰው እንደሰማ አውቋል። ከዚያ ወዲያ ዳለቻ ስሙ ሲነሳ «ሃያ ስምንት የተጠራበት» ሳይባል አይታለፍም ነበር። ወዬሳም ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል።

በዚያው ዓመት፣ ጃንሆይ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው፣ በእኛ በኩል በልጉ ቀረ። መጋቢት ጠብ ሳይል አለፈ፤ ሚያዝያም እንደዚያው። ሣሩ ነጣ። የበሬ ዋጋ ከገበያ ገበያ ይወርድ ጀመር። ሰዉም ይባስ ብሎ ከብቱን ቤት አስሮ ቁጭ አለ። እያንዳንዱ የሚጠብቀው የጥር ዋጋ እስኪመለስ ነው።

ወዬሳ ከገበያ ውጪ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። የሚለው አንድ ነገር ነበር። «ሥጋ ሳለበት አንዱን ሽጥ። በገንዘቡ ጭድና እህል ግዛ፤ ሁለተኛውን አድን። ሰኔ ሲገባ ከጎረቤትህ ጋር ተቀናጅተህ ታርሳለህ።» አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው ተራ በተራ ማረስ በአገሩ የታወቀ ነው። ምክሩ ለልጅ እንኳ ግልጽ ነው። ግን ማንም መስማት አልፈለገም። ከሁሉም ያስቸገረው ጎረቤቱ መርጋ ነው።

«ጥር ላይ ሃያ የሚያወጣውን በሬ በአሥራ አራት?» አለ መርጋ። «አብደሃል ወይ አንተ ወዬሳ!»

«ጥር አልፏል። እኔ የምነግርህ ስለ ግንቦት ነው። ግንቦት ላይ አምስት ብር አያወጣም።»

«እስኪ ይሁን፣ እጠብቃለሁ።»

ወዬሳ «ባትሸጠውም እናውጣው» ብቻ አለው። በገበያው ቀን መርጋን ከነበሬው ይዞት ወጣ፣ ፀጉሩን አስነጨው፣ ዝም ብሎ አጠገቡ ቆመ። ከሰዓት በኋላ መርጋ በአሥራ አራት ብር ሸጠ። ዓይኑ ውሃ አዝሎ ገመዱን ጠቅልሎ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ከእሱ በኋላ ሌላውም ተከተለ፤ ሰው ጎረቤቱ ሲሸጥ ካላየ አይሸጥም። በሁለት ገበያ ሃያ የሚሆን ቤት አንድ አንድ በሬውን ሸጦ ጭድ ገዛ።

ወዬሳ ግን ዳለቻን አልሸጠም።

መሐመድሰዒድ ሃያ ብር አለው፤ «ሃያ ስምንት ባልከው በሬ?» ብሎ ፊቱን አዞረ። ቀጥሎ አሥራ ስድስት ሰጠው። ከዚያ አሥራ አንድ። ዋጋው በወረደ ቁጥር ወዬሳ ይባስ ይጠነክራል። ሚስቱ ዘርፉ ንግግሯ አጭር ነው፤ ሰው እስኪጨርስ ጠብቃ ትናገራለች። አንድ ቀን እቤታቸው ተቀምጬ ሳለ እንዲህ አለችው፦

«አንተ ሰው፣ ይህን በሬ መርጋ ይዞት ቢመጣ ምን ትለው ነበር?»

«ሽጥ እለው ነበር።»

«እና?»

«የመርጋ አይደለማ። የኔ ነው።»

ዘርፉ ወደ እኔ ዞረች። «ሰማኸው ገብረወልድ?» አለችኝ። ሰምቻለሁ። በሬዎቹ ሁለቱም ከሞቱ ምን እንደሚመጣ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። የሚያርሱት መሬት የባላባቱ ነው፤ አንድ ክረምት ጦሙን ካደረ ለሌላ ይሰጣል። አራት ልጆች አሏቸው። ደላላነቱ የዳቦ ማባያ እንጂ ዳቦ አይሆንም።

እኔም በጉብዝናዬ ተማምኜ ደላላ ልሁን አልኩ። በሚቀጥለው ገበያ ዳለቻ አጠገብ ቆሜ እንደሱው ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ኦቦ ወዬሳ፣ ለማንኛውም ፀጉሩን ይያዙት። ባይሸጡትም ምን ይጎዳዎታል?» አልኩት። መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። እጁን ወደ ጭራው ሰደደ፤ መለሰው።

«ዘዴውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለኝ። «ወዴት እንደሚወስደኝ አውቃለሁ። የሚገርመው ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። ልቤ ላይ ሃያ ስምንት ተጽፏል፤ አሥራ አንድ ስትሉኝ አሥራ ሰባት ብር ከኪሴ እንደወሰዳችሁብኝ ነው የሚሰማኝ።»

በማግስቱ ዳለቻን አዋሽ ዳር ወዳለችው እህቱ ሰደደው። እዚያ ገና አረንጓዴ ነገር አይጠፋም ብሎ ነው። ሰፈሩ በሬውን ሲያጣ «ወዬሳም ሸጠ» አለ። እሱ አልሸጥኩም አላለም። ሽጡ እያለ ሲዞር የከረመ ሰው ምን ብሎ ይናገር? ዝም አለ፤ ዝምታው ውሸት ሆነ።

ለቦራ የሚሆን ጭድ መግዣ ስላልነበራቸው ዘርፉ የማድ ቤቷን የሣር ክዳን ከአንድ ወገን እየመዘዘች ትሰጠው ነበር። እሷን ባየሁ ቁጥር ወዬሳ ላይ እናደዳለሁ። አንድ ቀን ተናግሬዋለሁም፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

አዋሽ ዳርም ሣሩ አለቀ፤ ከየአገሩ የመጣ ከብት ጨረሰው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል እህቱ ሰው ላከች። አብረን ሄድን። ዳለቻ ሞቶ ቆዳው ተገፎ ጠበቀን። ወዬሳ ቆዳውን ጠቅልሎ እስከ ቤቱ ተሸከመው። ቆዳውን ለመሐመድሰዒድ ቢሸጥለት ሁለት ብር ባገኘበት ነበር። ግን ነጋዴው ያን ግራጫ ፀጉር አይቶ እንደማይስተው ስላወቀ ቆጥ ላይ ሰቀለው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሰኔ አንጀት በሚያርስ ዝናብ ገባ። በሬ የተረፈው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ወደ ላይ ተተኮሰ፤ አርባ ብር ደረሰ። ቦራ ዘርፉ ማድ ቤቷን አብልታው በአጥንቱም ቢሆን ቆሟል። የሚያስፈልገው ጥንድ ብቻ ነበር። ሰዉ በሙሉ ወዬሳ እንደመከረው ተቀናጅቶ ማረስ ጀመረ። ከወዬሳ ሌላ ያልተቀናጀ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ መርጋ።

ወዬሳ ሄዶ እንቀናጅ አለው። መርጋ በር ላይ አቆመው።

«አሥራ አራት ብር!» አለ። «ዛሬ ያ በሬ አርባ ያወጣል። ሃያ ስድስት ብር አስወስደህብኛል። አንተማ ዳለቻን በጊዜው በደህና ዋጋ ሸጠህ ትስቃለህ። ካንተ ጋር በሬዬን ከምጠምድ መሬቴ ጦሙን ይደር።»

ያ በሬ ቢቆይ ኖሮ ከዳለቻ ቀድሞ ይሞት እንደነበር፣ የተረፈውም በሬ የተቀለበው በዚያው በአሥራ አራት ብር ጭድ እንደሆነ ማን ይንገረው? ሰው የሞተውን በሬ ካላየው አይቆጥረውም። ለመርጋ በሬው በሕይወት አለ፤ የሆነ ቦታ ቆሞ አርባ ብር እያወጣ ነው። መርጋም ብቻውን አያርስም፣ ወዬሳም ብቻውን አያርስም። የሁለት ቤት ልጆች በአንድ እልህ ሊራቡ ነው። ሳምንት አለፈ። የባላባቱ ሰው መጥቶ ያልታረሰውን መሬት አይቶ ሄደ።

ወዬሳ ቤት ስደርስ ዘርፉ ከቆጡ ሥር ቆማ አገኘኋት።

«አውርደው» አለችው።

«መርጋ ይህን ቆዳ ካየ አገር ይስቅብኛል። ከእንግዲህ ማን በሬውን አምኖ ይሰጠኛል?»

«ካላየ መሬቱ ይሄዳል።»

ወዬሳ ቆጡ ላይ ወጥቶ ቆዳውን አወረደው፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። መርጋ አጥሩ ሥር እርፉን እየጠረበ ነበር። ወዬሳ ሰላምታም ሳይሰጥ ቆዳውን መሬት ላይ ዘረጋው።

መርጋ ጎንበስ ብሎ አየ። እጁ ቆመ። «ዳለቻ ነው» አለ።

«ዳለቻ ነው። አልሸጥኩትም። አንተን ሽጥ እያልኩ እኔ አልሸጥኩትም፤ አዋሽ ዳር በረሃብ ሞተ። ሸጧል ስትሉ ዝም አልኳችሁ። አንተ እኔን ሰማኸኝ። እኔ ራሴን አልሰማሁም። ያንተ በሬ ቤት ቢቀር ይሄንኑ ትዘረጋ ነበር።»

መርጋ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ቁጭ ብሎ የቆዳውን ፀጉር በመዳፉ እያሻሸ ቆየ። ይሳደባል፣ ወይ ይስቃል፣ ሰፈሩን ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ራሴ ወዬሳን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ያን ያህል አሳዘነኝ።

«ስንት ሰጥተውህ ነበር?» አለ መርጋ።

«ሃያ። በኋላ አሥራ ስድስት። በኋላ አሥራ አንድ።»

መርጋ ተነሥቶ አፈሩን ከጉልበቱ አራገፈ። «ቦራን ይዘህ ና፤ ከኔ መሬት እንጀምራለን፣ እርጥበቱ ሳይሄድ» አለው። ወደ ቤቱ ሁለት እርምጃ ሄደና በንዴት ተመልሶ ዞረ።

«ግን ለዳለቻ አሥራ ስድስት ብር? ምን ያሉ ሰዎች ናቸው! እኔም ብሆን አልሸጥም ነበር።»

ወዬሳ ቆዳውን ጠቅልሎ ቦራን ሊያመጣ ሄደ።