ጓያው ላይ የቆምን ቀን

ሉማሜ ካለችው ሻይ ቤቴ ወታደሮች ሲወስዱኝ እጄ ላይ የቦምቦሊኖ ሊጥ ነበር። "ማንን ነው የምታበዪው?" ሲሉኝ "የራበውን" አልኩ፤ ይኸው መልሴ ጣጣ ሆነብኝ። ያስገቡኝ ድሮ እህል የሚከማችበት መጋዘን ነው። ግድግዳው ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል፤ ከወለሉ ስንጥቅ ገና እህል ይለቀም ነበር።

እዚያ አንዲት አሮጊት አገኘሁ፤ ከደብረ ወርቅ በኩል ናቸው። የተፈለገው ልጃቸው ነው፤ እሱ ሲጠፋ እሳቸውን ያዙ። ከምርመራ ሲመለሱ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ይላቸዋል። አንድ ቀን ከስንጥቁ አንዲት የጓያ ፍሬ ጎልጉለው አወጡ።

"እንቺ፣ መስከረም ሳያልፍ ዝሪያት።"

"ምን ልታደርግልን እማማ?"

"እስክታብብ ልጄን ካልያዙት፣ አመለጠ ማለት ነው።"

ለሽንት በምንወጣበት ጓሮ፣ ግድግዳው ሥር ዘራኋት። በቀን ከምትደርሰኝ አንድ ጣሳ ውሃ በጉንጬ ይዤ እየወጣሁ እተፋላታለሁ። ኅዳር ላይ ሦስት ሰማያዊ አበባ አወጣች።

ጠባቂው አበባዋን አያት። የገበሬ ልጅ ነው፤ ጓያ የነካው እግር ይሽመደመዳል ብሎ የሚያምን። እጁን ሳያስጠጋ በዱላው አመለከተ።

"ማን ዘራ ይኼን?"

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉ እማማ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

"ልጅሽ አይደለሁም። ጫማሽን አውልቂና ቁሚበት። ሽባ ስትሆኚ ልጅሽ መጥቶ ይዘልሽ!"

ቆሙበት፣ በዚያ ያበጠ እግር። ጓያ የሚጎዳው ሌላ እህል ጠፍቶ ወራት ሲበሉት እንጂ ሲረግጡት አይደለም፤ እሱን ማን ያስረዳው! እኔ ለመናገር ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ፈጀብኝ፤ ይህን አልደብቅም። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ቆምኩ።

"የዘራሁት እኔ ነኝ።"

"እሰይ፣ ሁለት ሽባ!" ብሎ ሳቀ። ወደ እማማም ጎንበስ አለና "ልጅሽ'ኮ ተይዟል፤ አልነገሩሽም?" አላቸው።

በክንዴ ደገፍኳቸው። "ውሸቱን ነው እማማ። እሱን ቢይዙትማ እርስዎን ምን ሊያደርጉ ያስቀምጡዎታል? ይፈቱዎት ነበር።"

አሰብ አደረጉና "እውነትሽን ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት የሚፈቱ ሰዎች ስም ሲጠራ፣ የሳቸው ሲታለፍ "ተመስገን" ይላሉ።

በሳምንቱ ስማቸው ተጠራ። "ዕቃሽን ያዢ፣ ተፈትተሻል!"

አብረውን የታሰሩትን ሴቶች እልል ማለት ቃጣቸው። እማማ ዞረው እኔን አዩኝ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጣሳቸው ውስጥ የቀረችውን ውሃ አልጠጧትም። በጓሮ በኩል ዞረው የተረገጠችው ሐረግ ሥር ቀስ ብለው አፈሰሷትና ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

አሁን እኔም ተፈትቼ፣ ከሻይ ቤቴ ጓሮ አንድ መደብ ጓያ አለኝ። አረሙን የምነቅለው በባዶ እግሬ ነው። ጎረቤቴ "ይቺ ሴትዮ እግሯ ሰለቻት እንዴ!" ትለኛለች። እግሬስ ደህና ነው። ሰው ሲጨንቀው ላጽናና ስል ግን ያ ወደ እኔ የዞረ የእማማ ፊት ይመጣብኛል፤ አፌን እዘጋለሁ።