የቀን መንገድ፣ የእፍኝ ጭራሮ

ጎህ ሲቀድ፣ ከኮልፌ

ከኮልፌ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። ሦስት ሴቶች ነበርን። ገመድ፣ አንድ መጥረቢያና በጨርቅ የተቋጠረ በሶ ይዘናል። ለጎረቤት ሁሉ የተናገርነው ወጨጫ ተራራ ግርጌ እንጨት ልንለቅም እንደምንሄድ ነው። የምንሄደው ግን ልናለቅስ ነበር።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። በዚያ የካቲት ከተማው በነደደ ጊዜ ወንድሜ ግርማ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። አብሮት የነበረ ሰው መሞቱን በሹክሹክታ ነገረን፤ ሬሳውን ግን ያየ የለም። ለቅሶ መቀመጥ የማይታሰብ ነበር። በአንድ ቤት ሴቶች ተሰብስበው ካለቀሱ የሞተው ሽፍታ ነበር ይባላል፤ ከዚያ በቤቱ የቀረው ወንድ ይወሰዳል። እኛ ቤት የቀረው ወንድ አባቴ ብቻ ነው። ደግሞ ከደጃችን ፊት ለፊት፣ ማን ገባ ማን ወጣ እያለ ለሹሞቹ ወሬ የሚያቀብል ሰው ነበር። ስሙን አልጽፈውም፤ የልጅ ልጆቹ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል። ከነጻነት በኋላ በየለቅሶው ድንኳን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሁሉ አስበልጦ የሚያለቅሰው እሱ እንደነበር ግን ሳልጽፍ አላልፍም።

ይህን መንገድ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቀልድ ስለተጠየቅሁ ነው። በሰፈራችን ብዙ ደክሞ ጥቂት ይዞ የተመለሰን ሰው «የቀን መንገድ፣ የእፍኝ ጭራሮ» ይሉታል። መርካቶ ውሎ አንድ ካልሲ ሸጦ የመጣውንም ይሉታል፤ ዓመቱን ሙሉ ተምሮ የወደቀውንም ይሉታል፤ ራሱ የተባለውም ይስቃል። የእህቴ የልጅ ልጅ አመጣጡን ከሰው ሰምታ ኖሮ፣ «እማማ፣ ስንለው ይከፋዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። 

ቀራንዮ፣ ኬላው ላይ

መሪያችን እትዬ ብርቄ ነበሩ፤ አንድ ልጃቸውን በዚያው ሰሞን ያጡ፣ ጠና ያሉ ሴት። ሦስተኛዋ ዘሃራ ናት። ባሏ ከጉራጌ አገር መጥቶ ኮልፌ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነበር፤ ከሱቁ እንደተወሰደ ቀረ። እሷ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው።

ሚያዝያ ነበርና መንገዱ ሌሊት በዘነበው ዝናብ ጨቅይቷል። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ስንደርስ እኔና እትዬ ብርቄ ከቅጥሩ ውጭ ቆመን ተሳለምን፤ ዘሃራ ገመዳችንንና መጥረቢያችንን ይዛ ጠበቀችን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት እልፍ እንዳልን ኬላው ይታያል፦ መንገዱን የዘጋ አግዳሚ እንጨት፣ የአሸዋ ጆንያ፣ አንድ ድንኳን፣ ለጣሊያን ያደሩ ሁለት አስካሪ ወታደሮችና አንድ ነጭ ወታደር። ከእንጨቱ አጠገብ ደግሞ ጎረቤቴ ፈለቀች ተቀምጣለች።

ፈለቀች እዚያ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። አንዱን ዳቦ ለእኛ በአንድ ሊሬ፣ ለወታደሮቹ በሁለት ትሰጣለች ይባላል፤ እኔ ገዝቼ ስለማላውቅ እርግጡን አላውቅም። ከግድግዳ በቀር የሚለየን የለም፤ ነገር ግን ውኃ ስንቀዳ ፊታችንን እናዞርባት ነበር። ቋንቋቸውን ትሰባብራለች፣ ታስቃቸዋለች፣ ከእጃቸው ትበላለች። ባሏ አሰፋ ጅማ ለንግድ ሄዷል ትላለች፤ እሱ ሳይኖር እንዲህ መሳቋ ደግሞ ለወሬ ተመቸን።

እንጨት የምትሸከም ሴት ጀርባዋን እንዳይወጋት ጨርቅ አጥፋ ትደርባለች። እኔ የደረብኩት የወንድሜን ካፖርት ነበር። ሬሳ በሌለበት የሟቹን ልብስ ዘርግቶ ማልቀስ የአገር ወግ ነው፤ ካፖርቱን ከከተማ ማውጫው ሌላ መንገድ አልነበረም። አንዱ አስካሪ አየውና ከጀርባዬ ጎተተው። ገልብጦ ኪሱን ዳበሰ። የወንድ ልብስ ለማን ልታደርሺ ነው አለኝ፤ ጫካ ላሉት ማለቱ ነው። የአባቴ ነው እንድል ተመክሬ ነበር፤ እኔ ግን የካፖርቱን እጅጌ ይዤ ቀረሁ።

ፈለቀች ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «ተዋት ባክህ፣ እናቷ በእንክብካቤ ያበላሸቻት ናት» አለችው። «እንጨት እንዳይወጋት ያባቷን ካፖርት ደርባ ትወጣለች። ማታ የምትሸከመውን ታያለህ። የቀን መንገድ፣ የእፍኝ ጭራሮ!»

እፍኟን ወደ ወታደሩ ዘርግታ በሱ ቋንቋ ደገመችው። ሦስቱም ሳቁ። አስካሪው ካፖርቱን ፊቴ ላይ ወረወረልኝና አለፍን። እስከ ወንዙ ድረስ ረገምኳት። እትዬ ብርቄ ሰሙኝ ሰሙኝና፣ «ኬላውን አልፈናል አይደል? ጉልበትሽን ለአቀበቱ አቆዪው» አሉኝ።

ወጨጫ ግርጌ

ወንዙን በድንጋይ ላይ ተሻግረን ከፍ ስንል አገሩ ሰፋ። ገበሬዎች ይገምሳሉ፤ የተገለበጠው አፈር ጥቁር፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። ወደ ተራራው ስንጠጋ ባሕር ዛፉ ቀረና ወይራና ጥድ ያዘ። ፀሐይ ሞቅ ሲል አንድ የኦሮሞ ቤተሰብ ግቢ ደረስን። የቤቱ እመቤት አዴ ጫልቱ ይባላሉ። እርጎ ልንገዛ ሊሬ ብናወጣ አሻፈረኝ አሉ፤ ላሜ ወረቀት በልታ ለከርሞ አትደርስም ነው ያሉን። በበርበሬና በጨው ለወጥን፤ የገብስ ቂጣ በነጻ ጨመሩልን።

ስንበላ ዓይን ዓይናችንን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ ማን እንደሞተ ጠየቁን። ማንም አልነገራቸውም። እትዬ ብርቄ የሦስቱንም ነገሯቸው። ሴትዮዋ ተነሥተው ከቤታቸው ጀርባ፣ ጥዶች ወደከበቡት ጉድባ ወሰዱን። «እዚህ ድምፅ ወደ ተራራው ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ አይሰማም» አሉን። እኛን አድርሰው ይመለሳሉ ስንል አብረውን ተቀመጡ።

ካፖርቱን ዘረጋሁት። እትዬ ብርቄ የልጃቸውን ሸሚዝ ከመቀነታቸው ሥር አውጥተው አጠገቡ ዘረጉ። ሙሾውን እሳቸው ጀመሩት። ግርማን በስሙ ጠሩት፤ ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈኑን፣ ጫማውን በየማለዳው ማብራቱን፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመንገድ መውረዱን ተናገሩለት። ሁለት ወር የታፈነ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ዘሃራ ጮኻ አላለቀሰችም፤ የእምነቷ ወግ አይደለም። ፈንጠር ብላ መዳፏን ዘርግታ ዱዓ ታደርግ ነበር። እኔ ስደክም መጥታ ከኋላዬ ደገፈችኝ። አዴ ጫልቱ የሙሾውን ቃል አጥርተው ባይረዱትም ለማያውቁት ልጅ በቋንቋቸው አለቀሱ። ከሰው ተቀብዬ ያልመለስኩት ብዙ ነገር አለ፤ የዚያን ቀን ዕንባቸው ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል።

ቀና ስንል ፀሐይ ዞራለች። እንጨቱን ጨርሶ ረስተነው ነበር። መጥረቢያው ሳይነሣ፣ ያገኘነውን ጭራሮ ሰብሰብ አድርገን በጥድፊያ አሰርን።

መልስ

ኬላው ስንደርስ ዓይናችን አብጧል፣ ድምፃችን ተዘግቷል። ነጩ ወታደር ሲያየን ከድንኳኑ ወጣ። ፈለቀች ቀደመችው። ጭኗን እየመታች መጣችና የኔን እስር በአንድ ጣቷ አንጠልጥላ ዞር ዞር እያደረገች አሳየቻቸው። «አላልኳችሁም? ቆጥራችሁ ተረከቡ!» ወታደሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስካሪው ግን፣ ዓይናቸው ምን ሆኗል አላት። «ስንፍና ያስለቅሳል» አለችው። እሱም ሳቀ፤ አግዳሚው ተነሣልን።

ለወንድሜ ያፈሰስኩትን ዕንባ ስንፍና አለችው። ከኬላው እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላስታውስም።

ቤት

እናቴ ከደጅ ጎትታ አስገባችኝ። ውስጥ ስንገባ ካፖርቱን ተቀበለችኝ፤ አፈሩን ሳታራግፍ እቅፍ አደረገችው።

«ብርቄ በስሙ ጠራችው?»

«ጠሩት።»

«ጫማውንስ?»

«ጫማውንም አነሡለት።»

ቁጭ አለች። ከየካቲት ወዲህ ምግብ ያማራት ያን ዕለት ነው። ሽሮ ጣደች፤ የኔ ጭራሮ ግን ድስቱ ሳይፈላ ነዶ አለቀ። ከፈለቀች ዘንድ ሁለት ፍልጥ አምጪ አለችኝ። ጦሜን ባድር እመርጣለሁ አልኳት። እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።

ፈለቀች ብቻዋን ነበረች። ኬላው ላይ የማውቃት ሴት አትመስልም፤ ጉንጯ ወርዶ አሮጊት ሆናለች። ፍልጡን ሰጠችኝ። ልወጣ ስል «ቆዪ» አለችና በሩን ቀረቀረች። ከአልጋዋ ሥር የወንድ ባርኔጣ አወጣች።

«ሌላ ጊዜ ስትሄዱ ይሄንንም ዘርጉልኝ።»

የአሰፋ መሆኑን አወቅሁት። «ጋሽ አሰፋ ጅማ አይደሉም እንዴ?»

«ጅማ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ለምን ራስዎ አይመጡም፣ የእርስዎን ሐዘን ሌላ ሴት እንዴት ታለቅሰዋለች አልኳት።

«እኔ ከመጣሁ» አለች፣ «ኬላው ላይ ማን ያስቅላችኋል?»

ባርኔጣውን ከፍልጡ ሥር ደብቄ ወጣሁ። አላቀፍኳትም፤ ይቅርታም አልተባባልንም። ግንቦት ሳይወጣ እንደገና ሄድን፤ ባርኔጣውን ከካፖርቱ ጎን ዘረጋነው፤ እትዬ ብርቄ አሰፋን በስሙ ጠሩት። ስንመለስ ፈለቀች እንደ ልማዷ ሳቀችብን። እንደዚያው እየሳቀችብን ስንቱን ሴት በዚያ ኬላ አሳለፈች። ቀልዱን ወታደሮቹ ደገሙት፣ ከእነሱ ሰፈሩ ተቀበለው፣ እስከ ዛሬም አለ።

ለልጅቷ የመለስኩላት ይህን ነው፦ ያን ጊዜ አቃጥሎኛል፣ ዛሬ አያቃጥለኝም፤ በሉት፣ ግን ማን እንዳለችውና ለምን እንዳለችው እያወቃችሁ በሉት። ያ መንገድ ያስተማረኝ፣ ሲስቅብኝ የነበረው ሰው ሁሉ ጠላቴ እንዳልነበረ፣ ሲያለቅስልኝ የነበረውም ሁሉ ወዳጄ እንዳልነበረ ነው። «ስንፍና» ያለችውን ብቻ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ምነው ሌላ ቃል ባገኘች ኖሮ እላለሁ።

ፈለቀች የሞተችው ከነጻነት ብዙ ዓመት በኋላ ነው። ድንኳን ተጥሎላት፣ ሴቱ ሁሉ እንደልቡ እየጮኸ አለቀሰላት። አልቃሿ ሲደክማት እኔ ተነሣሁ። አስቀድሜ የጠራሁት የባሏን ስም ነበር፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ የጠራው አልነበረምና።