የሳሎኑ ድርሻ

አምቦ ላይ ቤታችንን ስንሠራ ሳሎኑን ሰፊ ያደረግነው ለጸሎት ቡድናችን ብለን ነው። ባለቤቴ እንግዳ ተጨናንቆ ሲቀመጥ ማየት አይወድም ነበር። ለልጃችን የደረሳት ከሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ግድግዳ የተከፈለች ጠባብ ጓዳ ናት። አልጋዋና የስንዴው ጆንያ ጎን ለጎን ነበሩ። ጠረጴዛ አያስገባም። አጉረምርማ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄ እዚሁ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የምታጠናው ኮምፒውተር ነው። አንድ ዘመዳችን ያገለገለ ላፕቶፕ ሰጣት፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ባትሪው የሞተ ስለነበር ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል። ሊኑክስ የሚባለውን ስትጭንበት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

«ሀርሜ» አለችኝ። በኦሮምኛ እናቴ ማለቷ ነው። «ዲስኩን ለሁለት ልከፍለው ነው። አንደኛው ሲስተሙ የሚኖርበት ነው፤ ሩት ይሉታል። ሁለተኛው የእኛ ፋይሎች የሚቀመጡበት። የቱን ላስፋው?»

የባለቤቴ ድምፅ እዚያ ውስጥ ሊቀመጥ ነበር። በቡድናችን መካከል ሲጸልይ በካሴት የተቀዳ ነው፤ ወደ ኮምፒውተር ያዞረችው እሷ ናት። ካሴቶቹ ከዚያ በኋላ ተበላሹ። ሌላ ድምፁ የለንም።

«ሲስተሙ ቦታ ምን ያደርግለታል? እሱ ሠራተኛ ነው፤ ጓዳው ይበቃዋል። ሳሎኑን አስፊ» አልኳት።

«እያደገ ይሄዳል እኮ።»

«ይጠጋጋላ።»

ሳቀችና እንዳልኳት አደረገች።

በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ሥራዋ ኮምፒውተር የኦሮምኛ ንግግር ሰምቶ ቃላት እንዲለይ ማድረግ ነበር። ለዚህ የብዙ ሰው ድምፅ ያስፈልጋታል። ጊንጪ መናኸሪያ ቆማ ቀዳች። ጎጆ ከተማ በዚያ ብርድ ገበያ ውላ የድንች ነጋዴዎችን እየለመነች ቀዳች፤ ጉንፋን ይዛ ነው የተመለሰችው። ዓመቱን በሙሉ እንደዚህ ስትዞር ከረመች።

ሥራዋን ልታስረክብ አንድ ቀን ሲቀራት፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ላፕቶፑን ከፈተች። ሩቱ ሞልቷል። የሚሰረዘውን ሁሉ ሰረዘች፤ ሥራውን የሚያስኬደው ፕሮግራም ግን ቦታ አጥቶ አልጫንም አለ።

«ግድግዳውን መግፋት ነው ያለብኝ» አለች። «ከሳሎኑ ቆርጬ ለጓዳው።»

«የአባትሽስ ድምፅ?»

«ሳሎኑ በጓዳው በኩል ስለሚቆረጥ ውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ኋላ መዛወር አለበት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ምን እንደሚተርፍ አይታወቅም።»

«እንግዲያው አትንኪው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ፍላሽ አለኝ። መጀመሪያ እገለብጣለሁ» አለች። ገልብጣ ስትጨርስ ፍላሹን ነቅላ በእጄ ሰጠችኝ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ሁሉም እዚያ ያለ መስሎኝ ልቤ አረፈ።

ላፕቶፑን በሲዲ አስነሳችው። ሁለት ሣጥኖች ተሥለው አየሁ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። በመካከላቸው ያለውን መስመር ገፋችና አንድ ቁልፍ ተጫነች። አንድ ሰረዝ በቀስታ መሙላት ጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ የጸሎት ቡድናችን መጣ። ሰማዩም ከኋላቸው ጠቁሮ ነበር። ገና እንደተቀመጥን ነጎድጓድ ሲጮህ፣ በቡድናችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም አዴ እያልን የምናከብራቸው ሴት፣ ተነሥተው ወደ ሶኬቱ ሄዱ። በእኛ ሰፈር መብረቅ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይነቀላል።

ልጄ በፊታቸው ቆመች። «አዴ፣ ይሄ አይነካም።»

«መብረቅ ነው እኮ። እናትሽ አላስተማረችሽም?»

«አስተምራኛለች። አሁን ከተነቀለ ግን ይሞትብኛል።»

«ምን ሆኖ? ያምጣል እንዴ?»

«አዎ፣ ምጥ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ወንዶቹ ይውጡልና» አሉ አዴ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቋጠሮዬ በእጄ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «ያንቺም ሥራ እዚህ ፍላሽ ላይ ነው አይደል?» አልኳት።

«ሁለቱን አይችልም፣ ሀርሜ። የአባባን ብቻ ነው ያስገባሁት።»

«ያንቺውስ?»

በአገጯ ሰረዙን አሳየችኝ።

«ቢጠፋስ?»

«ጎጆ እንደገና እሄዳለኋ» አለች፤ እንደ ቀላል ነገር።

ያን ጊዜ ቋጠሮው ከበደኝ። አትንኪው ስላት ስለ እሷ ሥራ አንድ ቃል አልጠየቅሁም። እሷ ግን ለእኔ መርጣ፣ ምንም ሳትል በእጄ አስይዛኝ ነበር። ፈትቼ ልመልስላት ፈለግሁ፤ ሥራው ከተጀመረ ወዲያ ግን ፍላሹ ምንም አይጠቅማትም።

ጸሎት የመጀመር ተራው የእኔ ነበር። ለልጄ ብዙ ልለምን ፈልጌ፣ «ጌታ ሆይ፣ መብራቱን ጠብቅልን» ብቻ አልኩ። አዴ ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው አሜን አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። አምፖሉ አንዴ ደብዘዝ አለ። ልጄ እጄን ያዘች፤ እሷ እኔን ማጽናናቷ ነበር። አምፖሉ ተመልሶ ፈካ።

እንግዶቻችን ከሄዱ በኋላ ሰረዙ ሞላ። የአባቷም ድምፅ፣ የጎጆ ነጋዴዎቹም ድምፅ በየቦታው ነበር። በማግስቱ አስረከበች፤ ተመረቀችም። እጃጂ ከተማ ሥራ አገኘች። ለዚህ ሁሉ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ሳመሰግነው ግን ዓይኔን ከፍ አድርጌ አልነበረም።

እሷ ከሄደች በኋላ አናጺ ጠርቼ የኮምፔንሳቶውን ግድግዳ ወደ ሳሎኑ አስገፋሁ። ጆንያውን አውጥቼ በቦታው ጠረጴዛ አስገባሁ። የጸሎት ቡድናችን አሁን ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቀመጠው። አዴ፣ «ሳሎኑን ምን በላው?» አሉኝ። ወንበሬን ገፋ አድርጌ ቦታ ለቀቅሁላቸው።

ለፋሲካ ስትመጣ ልጄ በጓዳዋ በር ላይ ቆማ ግድግዳውን አየች፤ ጠረጴዛውንም በእጇ ዳሰሰችው።

«ሀርሜ፣ አሁን? ማን ሊያጠናበት?»

ቦርሳዋን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። በዓሉን ከእኔ ጋር ዋለች፤ በማግስቱ በጠዋት የእጃጂን መኪና ያዘች።