በቁሟ የተለቀሰላት እናቴ

እናቴ አልወለደችኝም። የወለዱኝ የአርሲ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ገና ዳዴ ሳልል በጉዲፈቻ ወሰደችኝና ልጇ ሆንኩ። አዳማ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከአርሲ እህልና ቅቤ ጭነው የሚወርዱ ነጋዴዎች ከነበቅሎዎቻቸው የሚያድሩበት ሰፊ ግቢ ነበራት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ግቢውን በገዛ እጇ ነው ያቀናችው፤ እኔም ጋጣውን እየጠረግኩ ነው ያደግኩት።

አንድ ወንድም ነበራት፤ በዓመት አንዴ ከቡልጋ ይመጣል። ሲመጣ አጥሩን ይዞራል፣ የቤቱን ቆርቆሮ ቀና ብሎ ያያል፤ እኔን ግን «ይቺ የሰው ልጅ» እያለ ነው የሚጠራኝ። አንድ ቀን የቀዳሁለትን ጠላ እየጠጣ፣ «እህቴ ዓይኗን የከደነች ዕለት ወደ መጣሽበት ትሄጃለሽ» አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ልበል? የሥጋ ዘመዷ እሱ ብቻ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሌላ ቤት አላውቅም።

ለእናቴ ነገርኳት። «ሰማሁ» አለችና ጥጧን መፍተሏን ቀጠለች። እኔም ቶሎ አልበርድም፤ ሦስት ቀን አኮረፍኳት። እሷ እቴ! ማኩረፌንም ያወቀች አትመስል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የነፍስ አባቷን አስጠራች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ገበያውን መሐል ለመሐል አቋርጠው መጡ። በዚያ ዘመን ቄስ እንዲህ ለኑዛዜ ተጠርቶ የሚሄደው አልጋ ወደያዘ ሰው ነው። በጤናው የሚናዘዝ ሰው ሞትን በስሙ እንደጠራ ነው የሚታየው። ልቤ ስንጥቅ አለ። «እምዬ፣ ምን ሆነሻል?» ብላት፣ «ምንም፤ ለአባ ወንበር አምጪ» አለችኝ።

አባ ገና በወጉ ሳይቀመጡ ከደጅ ዋይታ ሰማን። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አገልድመው፣ ደረታቸውን እየመቱ ግቢውን ሞሉት። ጎረቤታችን የወሎው ባለሱቅ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጭነው ሊወጡ የነበሩት የአርሲ ነጋዴዎች እንኳ ጭነታቸውን አውርደው ቆሙ። በዚህ መሐል እናቴ ደጃፉ ላይ ብቅ አለች። አልቃሿ ግጥሟን ከመሐል አቋርጣ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

እኔ በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ግን፣ «ተቀመጡ» አለች። «ከመጣችሁ አይቀር ስሙኝ። አልታመምኩም። ይህ ግቢ፣ ከዚህ ግራር እስከዚያ ትልቅ ድንጋይ፣ ከነቤቱ ከነጋጣው፣ ስሞት የልጄ ነው። ወንድሜ በቅሎዬንና የባሌን ጠመንጃ ይውሰድ። አባም እናንተም ምስክሮቼ ናችሁ።» ለአርሲዎቹ ያንኑ በኦሮምኛ ደገመችላቸው። ከዚያ ሁሉንም አስከትላ ከግራሩ እስከ ድንጋዩ ወሰኑን ዞረች። ሊያለቅስላት የመጣ ሕዝብ እግር እግሯን ሲከተላት አየሁ። እኔም አፌን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ፤ አብሬያት አንድ ቤት ያደግኩ ሳይሆን ያን ቀን ገና ያየኋት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። ስትሞት አርባዋ እንኳ ሳይወጣ ወንድሟ ከሰሰኝ። አባ ቀድመዋት አርፈዋል፤ የተጻፈ ወረቀት የለም። ችሎት በተሰየመበት ሜዳ ዳኛው ፊት ቆምኩ። «ምስክርሽ ማን ነው?» ሲሉኝ ዞር ብል ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ባለሱቁ በቁርአን ማለ፤ ነጋዴዎቹ በኦሮምኛ መሰከሩ። አንዲት የሰፈራችን አሮጊት፣ «በቁሟ ያለቀስንላትን ቀን እንዴት እንረሳዋለን?» አሉ። ሁሉም ግራሩንና ድንጋዩን አንዲት ሳያዛንፉ ተናገሩ። ስምንተኛው ምስክር ላይ ዳኛው «ይበቃል» አሉ። ግቢው ለእኔ ተፈረደ። አጎቴ በቅሎውንና ጠመንጃውን ይዞ ሄደ፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም።

አሮጊቷን አመስግኜ ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩት ነገር ትዝ አለኝ። «ለመሆኑ ያን ቀን ሞተች ብሎ ማን ነገራችሁ?» አልኳቸው።

«ራሷ ናት እንጂ» አሉኝ። «ጎህ ሲቀድ ቤቴ መጥታ፣ አባ በገበያው ሲያልፉ ስታዪ እሪ በይ አለችኝ። ቄስ ይሞታል፣ ወረቀት ይቃጠላል፣ ይህን ግን ማንም አይረሳውም አለች። እሷ እስክትሞት እንዳልተነፍስ አስምላኝ ነበር።»

ሦስቱን ቀን እኔ ሳኮርፍ፣ እሷ ጥጧን እየፈተለች ይህን ኖሯል የምታስበው። ግቢዬ ገብቼ ግራሩ ሥር ቁጭ አልኩና፣ «እምዬ» ብዬ ጮክ ብዬ ተጣራሁ። ከዚያ ጋጣውን ልጠርግ ተነሳሁ።