ጋሼን ማን ይቀድማል?

የብርጓል አወቀን ደብረ ማርቆስ ላይ የማያውቃት የለም። ማለዳ ማለዳ ከመምህሯ ጋር ጎን ለጎን፣ እጃቸው በአጭር ገመድ ተያይዞ ሲሮጡ ባጃጅ እንኳ ጥግ ይዞ ያሳልፋቸዋል። በእኛ ከተማ ባጃጅ ለሰው መንገድ ሲለቅ ማየት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ዓይኗ የጠፋው ነፍስ ሳታውቅ በኩፍኝ ነው። ከአምበር ከተማ አለፍ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር ስታድግ የአባቷን የጋቢ ጫፍ ይዛ ከኋላ ከኋላ ትሄድ ነበር። ገበያም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ከኋላ ናት። አባቷ አቶ አወቀ ደግሞ ለሥርዓት ሟች ናቸው። ታላቅ ሳይቀመጥ አይቀመጡም፤ ታላቅ ሳይቆርስ አይቆርሱም። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት በር ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ወጡ ቀዝቅዞ፣ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ዝናብ መቶት ገባ ይባላል። እንግዲህ የብርጓል ማየት ስለማትችል ከኋላ መሄድን፣ የአወቀ ልጅ ስለሆነች ደግሞ ታላቅን አለመቅደምን ይዛ አደገች። ሁለቱ ተደራርበው ከሰው ፊት ሄዳ አታውቅም ነበር።

እግሯን ያገኘላት ገዳሙ ነው። ገዳሙ ደብረ ማርቆስ የተማረችበት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው፤ በወጣትነቱ ለክልል ሮጧል፣ አሁንም አርባ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ሲሮጥ ብታዩት ጎረምሳ ትሉታላችሁ። በዕረፍት ሰዓት ልጆች ሲሯሯጡ የብርጓል የጓደኛዋን እጅ ይዛ ግቢውን ስትዞር አያት። ጓደኛዋ ደክማ ቁጭ ስትል የብርጓል ገና ላብ እንኳ አልጀመራትም። በሳምንቱ ገዳሙ ገመድ ይዞ መጣ።

ማየት የተሳናቸው ሯጮች ሕግ እንዲህ ነው፤ አጋዥ ሯጩ በገመድ ተያይዞ ከጎን ይሮጣል፣ ኩርባውንና ቀጥታውን ይነግራል፣ ግን አይጎትትም፤ መጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ሯጯ ከአጋዡ ቀድማ መግባት አለባት። አጋዡ ከቀደመ ሁለቱም ይሰረዛሉ። ሕጉን ያወጣው ሰው ጎጃም አልደረሰም።

አዲስ አበባ ላይ ባሕር ማዶ ለሚወዳደረው ብሔራዊ ቡድን ማጣሪያ ሲደረግ የብርጓል ሌሎቹን ሁሉ ጥላ ብቻዋን መጣች። ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ገመዷ ወደ ኋላ ሳብ አለች፤ ጋሼን እየቀደመችው መሆኑ ገባት። ፊቷ ጋለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መምህሯን ጥላ ልትገባ? ሳታስበው እግሯን ቆጠብ አደረገች። ገዳሙ በደረቱ ቀድሞ ገባ፣ ዳኛውም ባንዲራውን አነሳ።

«ምን ነካሽ?» አለቻት የቡድኑ አሠልጣኝ ሙሉብርሃን። ሙሉብርሃን ቁጣዋ እንደ ሐምሌ መብረቅ ነው፤ ጮኾ ያልፋል።

«ጋሼን እንዴት ልቅደማቸው?»

ሙሉብርሃን ሳቅም ቁጣም መጣባት። «ሐዋሳ ላይ ሌላ ማጣሪያ አለ። የመጨረሻው ነው። እዚያ ካልቀደምሽው ቡድኑ ያለ አንቺ ይሄዳል» ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ላይ ቢሞክሩት፣ ቢሞክሩት፣ መስመሩ ሲቃረብ እግሯ በራሱ ይቆጠባል። ገዳሙ ተማጸነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻ «አባትሽ ዘንድ እንሂድ» አለ። የብርጓል ደስ አላላትም። አባቷ ምን እንደሚሉ ታውቃለች።

እንደፈራችውም ሆነ። አቶ አወቀ እርሻ ላይ ነበሩ፤ ነገሩን ሲሰሙ «ቁም ቦራ!» ብለው በሬዎቻቸውን አቁመው ፈገግ አሉ።

«ደግ አደረግሽ ልጄ! አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ አላሳፈርሽኝም» አሏት።

የብርጓል ልቧ ተከፈለ። አባቷ ሲያመሰግኗት ደስ ይላታል፤ ከቡድኑ ልትቀር መሆኑ ግን ታያት፣ ማለትም ተሰማት። መሮጥ ትወዳለች። ስትሮጥ ብቻ ነው ዕንቅፋት ይኖራል ብላ የማትፈራው።

ገዳሙ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። «አቶ አወቀ» አላቸው፣ «እነዚህ በሬዎች ቀን ሙሉ ከፊትዎ ሲሄዱ ናቁኝ ብለው ያውቃሉ?»

«በሬ ሰውን ይንቃል እንዴ? ይኼማ ሥራ ነው።»

«የእኛም ሥራ ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ ነው የማርስ፤ እሷ ከፊት ካልሄደች ትልሙ አይወጣም።»

አቶ አወቀ በጅራፋቸው እጀታ አገጫቸውን እያከኩ፣ «እንግዲያ ልጄን በሬ አደረግኻት?» አሉ።

ምሳ ይዘው የመጡት እናቷ ወይዘሮ ፋንታነሽ ከት ብለው ሳቁ። «በሬ ብትሆን ነው እንጂ ይኸን ሁሉ የምትሮጠው! አንተው ነህ ያሰርካት፣ አንተው ፍታት!» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው።

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። ለእሳቸው ይኼ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ የአባታቸውን ቃል እንደ መሸራረፍ ነው። በመጨረሻ የልጃቸውን ትከሻ ያዙ። «ሜዳው ላይ ሥራ ነው፤ ቅደሚው። በር ላይ ግን ታላቅ ይቅደም። ይኸን አትርሺ» አሏት። የብርጓል ጉልበታቸውን ስማ ተነሣች።

ሐዋሳ ላይ ቀደመችው፤ በአንዲት ጣት ቢሆንም ቀደመችው። ሙሉብርሃን እንደ ልጅ ዘለለች፣ የብርጓልም የአገሯን ማልያ ለብሳ ባሕር ተሻገረች።

ከባሕር ማዶ ያለውን ስታዲየም ስትተርክ የምታወራው ስለ ድምፁ ነው። ሕዝቡ ሲጮህ ድምፁ በእግሯ ሥር ይገባ ነበር ትላለች። ለፍጻሜ ደረሰች፤ ተኩሱ ተተኮሰ፣ ዙሩ ዙርን ወለደ። መጨረሻው ቀጥታ ላይ ሁለት ሯጮች ከፊት አምልጠዋል። ሦስተኛዋ ሊያልፏት የሚችሏት ትንፋሽ ነበረች፤ የብርጓል ያቺን ትንፋሽ በቀኝ ጆሮዋ እየሰማች ደረሰችባት፣ አለፈቻትም። ያን ጊዜ ገመዷ ወደ ኋላ ሳብ አለች። ጋሼ ከኋላዋ ነው። እንደ ድሮው ፊቷ ጋለ፣ እግሯ ሊቆጠብ ሲል ከጀርባዋ አንድ ድምፅ ፈነዳ።

«ሂድ ቦራ! ሂድ!»

ቦራ የአባቷ በሬ ነው። ኢትዮጵያውያኑ ተመልካቾች ገዳሙ ሙቀቱ አናቱ ላይ የወጣበት መሰላቸው። የብርጓል ግን ሳቋ አመለጣት፤ እየሳቀች፣ አፏን እንደከፈተች ሮጠች፤ ገዳሙን በሙሉ ሰውነቷ ቀድማ መስመሩን አለፈች። ነሐስ! ገዳሙ ደርሶ አቀፋትና ሁለቱም ሜዳው ላይ ተቀመጡ። አለቀሱ ብል ይቆጡኛል፤ ግን አለቀሱ።

አጋዥም ሜዳሊያ ይሸለማልና አብረው ተጠሩ። የብርጓል መድረኩ ሥር ስትደርስ ቆመች።

«ይቅደሙ ጋሼ።»

«ኧረ ውጪ አንቺ ልጅ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!»

«ሥራው አልቋል። አሁን በር ነው።»

አስተናጋጇ በእጇ ብትጠቁም፣ በቋንቋዋ ብትለማመጥ ወይ ፍንክች። ገዳሙ አንገቱን ደፍቶ ቀድሞ ወጣ። የነሐስ ተሸላሚዋ ሁለተኛ ወጣች።

ወደ አገር ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ በእልልታና በመኪና ጥሩምባ ተቀበለቻቸው። የብርጓል ግን ልቧ መንደሯ ላይ ነበር። መኪናው ከአምበር አልፎ ቤታቸው ደጅ ሲቆም የአባቷን ሽታ፣ የአዲስ ጋቢያቸውን ሽታ አገኘችው። ሜዳሊያውን ከአንገቷ አውልቃ በእጃቸው አኖረችው። አገላብጠው ዳሰሱትና መልሰው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። ከዚያ እንደ ልጅነቷ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዛ ከኋላቸው ቆመች፤ እስኪገቡ ጠበቀች። አልገቡም።

«ግቢ» አሏት።

«ይቅደሙ እንጂ አባባ።»

«ግቢ አልሁሽ።»

«አባባ፣ ይኼ እኮ ሜዳ አይደለም። በር ነው!»

«አውቃለሁ፣ እኔው የሠራሁት በር ነው» አሉ አቶ አወቀ። ጋቢያቸውን ከእጇ ቀስ ብለው አስለቀቁና ወደ ጎን ቆሙ። መንደሩ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እኚህ ሰው በር ላይ ለልጅ ሲቆሙ ማንም አይቶ አያውቅም።

የብርጓል በእጇ መቃኑን ፈለገች፣ አገኘችው። ጎንበስ ብላ ገባች። ሁለት እርምጃ ያህል ሄዳ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ዕድሜዋን ሙሉ ከፊቷ ስትሰማው የኖረችው የአባቷ ኮቴ ከኋላዋ እየመጣ ነበር።